የግንድ ቤት በገዛ እጄ ለመሥራት አስቤአለሁ፤ ከምን ልጀምር?

የጎጃም ልጅ (ዋሽንግተን ስቴት) ጠየቀ፦

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲያትል አካባቢ ሲሆን፣ ለዓመታት ባጠራቀምሁት ገንዘብና ባለፈው ዓመት በደረሰኝ እቁብ ምሥራቅ ዋሽንግተን፣ ኦካኖጋን ካውንቲ ውስጥ 5 ኤከር፣ ማለትም 2 ሄክታር ያህል መሬት ገዝቻለሁ። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ዳግላስ ፈርና ፖንደሮሳ ፓይን የሚባሉት ዛፎች በብዛት ቆመውበታል። በዚህ መሬት ላይ ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 9 ሜትር የሆነ የግንድ ቤት በገዛ እጄ ለመሥራት ቆርጫለሁ። የግንድ ቤት ስል በጣውላ የተለበጠውን ሳይሆን፣ ቅርፊቱ የተላጠ ሙሉ ግንድ በግንድ ላይ እየተነባበረና በየማዕዘኑ እየተጠላለፈ ራሱ ግድግዳ የሚሆንበትን ማለቴ ነው።

አባቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ቤት ሠሪ ነበር። ልጅ ሳለሁ የጽድ ቋሚ እግሩን በእሳት ለብልቦ ሲተክል፣ ማገር ሲማግር፣ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቶ ሲመርግ አብሬው እውል ስለነበር መጥረቢያና መሮ ለእጄ እንግዳ አይደሉም። ሆኖም በእኛ አገር እንጨቱ ቆሞ ነው ግድግዳ የሚሆነው፤ እዚህ ግን ይተኛል፤ ይህ ልዩነት ምን ምን እንደሚያስከትል በቂ እውቀት የለኝም።

ያሰብሁት በመጪው ሚያዝያ ዛፎቹን ቆርጬ፣ በሰኔና በሐምሌ ግድግዳውን አቁሜ፣ በረዶ ከመውደቁ በፊት ጣራውን ለመክደን ነው። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜና እሑድ ያግዘኛል። እርጥቡን ግንድ ወዲያውኑ ብጠቀምበት ምን ችግር ያመጣል? የመጀመሪያው ዛፍ ከመቆረጡ በፊትስ ምን ምን ተጠናቅቆ መገኘት አለበት? ሥራው ሁለት ሰዎች ሊወጡት የሚችሉት ነውን? በተግባር ያለፋችሁበት ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የኮሎራዶው መለሰ፦

ወንድሜ፣ ከ14 ዓመት በፊት ተራራ ላይ የግንድ ቤት ሠርቼ እስከ ዛሬ እኖርበታለሁ፤ ስለዚህ የምነግርህ በደረሰብኝ ነው። «እዚህ ግን ይተኛል» ብለህ የጻፍኸው ነገር ላይ ቆም ብለህ አስብ፤ የዚህ ቤት ጣጣ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ የሚያጥረው ከቁጥር የማይገባ ነው፤ በውፍረቱ ግን በግልጽ ይኮማተራል። አባትህ የተከሉት ቋሚ ደርቆ ቢቀጥንም ቤቱ አያጥርም። የተኛ ግንድ ግን እያንዳንዱ በቀጠነ ቁጥር ግድግዳው እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ያሉ የግንድ ቤት ሠሪዎች ለእርጥብ ግንድ የሚይዙት ልክ የግድግዳውን ቁመት 6 በመቶ ነው፤ ይህም ማለት 2 ሜትር ከ50 የሆነ ግድግዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል።

እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ያማከርሁት ሰው የመስኮቶቹን መቃን ከግንዱ ጋር በምስማር አጥብቄ እንድመታ ነገረኝ፤ ሰማሁት። በሁለተኛው ክረምት ከላይ ያለው ግንድ መውረድ ሲጀምር መቃኑ ተጨነቀ፣ ሁለት መስታወት ተሰነጠቀ፣ በሩም አልዘጋ አለ። የበረንዳው ጣራ ደግሞ በአንድ ወገን በግድግዳው ላይ፣ በሌላው ወገን በቆሙ ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ስለነበር፣ ግድግዳው ወርዶ ምሰሶዎቹ ግን ባሉበት በመቅረታቸው ውኃው ወደ ቤቱ ተመልሶ ይፈስ ጀመር። ያን ሁሉ አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ።

ስለዚህ ከየመስኮቱና ከየበሩ በላይ ለመውረጃ የሚሆን ክፍተት ተው፤ ክፍተቱን በሱፍ ሙላውና በጣውላ ሸፍነው፤ ጣውላው ግን ከላይኛው ግንድ ጋር ብቻ ይያያዝ። መቃኑ በግንዱ ጫፍ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ የሚንሸራተት እንጂ በምስማር የታሰረ አይሁን። ቤት ውስጥም ሆነ በረንዳ ላይ በሚቆም ምሰሶ ሁሉ ሥር ጠመዝማዛ የብረት ክሪክ አስገባና ግድግዳው በወረደ መጠን በየጥቂት ወሩ ዝቅ ታደርገዋለህ። ደረጃው፣ የውኃ ቧንቧው፣ የምድጃው ጭስ ማውጫ፣ የማዕድ ቤት ቁም ሣጥኑ ሳይቀር ይህንኑ መውረድ ታሳቢ አድርገው መሠራት አለባቸው። ይህ ደግሞ በወረቀት ላይ፣ በንድፉ ውስጥ ካልገባ በኋላ የሚታረም አይደለም።

ግንዱ ይደርቅ ብለህ መጠበቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እንጨት በአየር ሲደርቅ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚባል የቆየ ግምት አለ፤ በዚህ ሒሳብ 30 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ግንድ ልቡ ድረስ እንዲደርቅ ብትጠብቅ ልጆችህ ያድጋሉ። ነገር ግን አንድ ዓመት ተከምሮ የቆየ ግንድ ክብደቱ ይቀንሳል፤ የሚጣመመውና ክፉኛ የሚሰነጠቀውም አስቀድሞ ይታወቃል። በሚያዝያ መቁረጥ የሚለውን ሐሳብ ግን ብትተወው እወዳለሁ። በብርዱ ወራት የተቆረጠ ዛፍ በዝግታ ስለሚደርቅ ስንጥቁ ይቀንሳል፤ ነፍሳትና ሻጋታም በዚያ ጊዜ አይደርሱበትም፤ በበረዶ ላይ ሲጎተት ደግሞ አፈርና ጠጠር አይሰካበትም። በጸደይ የተቆረጠው ቅርፊቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይለቅልሃል፤ እውነት ነው፤ ሆኖም ሙቀቱ ሲመጣ ሰማያዊ ሻጋታ ይወርሰዋል። በተለይ ፖንደሮሳው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጭ እንጨት ሰፊ ስለሆነ ፈጥኖ ይጠቁራል፣ ለመበስበስም ቅርብ ነው። ለግድግዳው፣ ከሁሉ በላይ ለታችኛዎቹ ረድፎች፣ ዳግላስ ፈሩን ምረጥ።

ስለ ጉልበቱ ደግሞ ልክ ልንገርህ። ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ እርጥብ ዳግላስ ፈር 260 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የአንተ ረጅሙ ግድግዳ ከማዕዘን የሚያልፈው ጭምር ሲታሰብ 10 ሜትር ግንድ ይፈልጋል፤ ይህ ከ430 ኪሎ በላይ ነው። ለአራቱ ግድግዳ 40 ያህል፣ ለወለሉና ለጣራው ሲጨመር ወደ 60 የሚጠጋ ግንድ ያስፈልግሃል። ሁለት ሰዎች በዘንግና በጉጠት እያንከባለሉ፣ በመዘውር እየሳቡ ግድግዳውን ሊያነሡት ይችላሉ፤ እኔና ጎረቤቴ አድርገነዋል። የጣራውን አግዳሚ ግንዶች ግን ለአንድ ቀን ክሬን ተከራይተህ አስቀምጥ፤ በዚያ ላይ አትሳሳ።

መሐንዲስ ከሚኒሶታ መለሰ፦

ስለ እንጨቱ ከእኔ በላይ የሚያውቁት ወንድማችን ተናግረዋልና እኔ እንጨቱ ስለሚያርፍበት መሬት ልጻፍ። እርስዎ ጥያቄዎን የጀመሩት ከዛፉ ነው፤ መጀመር የነበረበት ግን ከውኃው ይመስለኛል። የዋሽንግተን ሕግ ለቤት ፍጆታ በቀን እስከ 5,000 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 19,000 ሊትር የሚጠጋ የከርሰ ምድር ውኃ ያለ ልዩ የውኃ መብት ፈቃድ ከጉድጓድ ማውጣትን ይፈቅዳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔና ያንን ተከትሎ በ2018 በወጣው ሕግ ምክንያት በብዙ ተፋሰሶች አዲስ ጉድጓድ ላይ ገደብ ተጥሏል፤ ካውንቲውም የግንባታ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ውኃው በሕግም በተግባርም መኖሩ እንዲረጋገጥለት ይጠይቃል። ስለዚህ መሬትዎ በየትኛው ተፋሰስ ውስጥ እንደሚገኝና ምን ገደብ እንዳለበት ካውንቲው ቢሮ ድረስ ሄደው ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጠይቁ። ውኃ የሌለው መሬት ላይ 60 ግንድ ተልጦ ቢከመር ምን ይጠቅማል?

ቀጥሎ የፍሳሽ ጉድጓዱ ነው። ቦታው ተዳፋት መሆኑን ጽፈዋል፤ አፈሩ ፍሳሽ የማጣራት አቅሙ በጉድጓድ ተቆፍሮ ሳይታይና የጤና ጥበቃው ክፍል ሳይፈቅድ ቤቱ የት ላይ እንደሚያርፍ መወሰን አይቻልም፤ ምክንያቱም ለማጣሪያው መስክ የሚሆነው ቦታ፣ የውኃው ጉድጓድና ቤቱ በመካከላቸው የተወሰነ ርቀት ሊኖራቸው ይገባል። ሲሚንቶ የጫነ መኪና የሚገባበት መንገድም ከአሁኑ ይታሰብበት።

ለግንድ ቤት የወጣ የራሱ መመዘኛ አለ። ዓለም አቀፉ የሕንፃ ደንብ ምክር ቤት አይሲሲ 400 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣ ሲሆን፣ የግንዱን ጥንካሬ ደረጃ አወሳሰን፣ የግድግዳውን መውረድ፣ የመገጣጠሚያውን አሠራርና የመሳሰለውን ይደነግጋል። ከራስዎ መሬት የቆረጡት ግንድ ደረጃ ያልወጣለት ስለሚሆን፣ የፈቃድ ሹሙ ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚቀበል ዛፉ ከመቆረጡ በፊት በጽሑፍ ያግኙ። ለአካባቢዎ የተወሰነውን የበረዶ ክብደትና መሠረቱ ከውርጭ በታች ምን ያህል መውረድ እንዳለበትም አብረው ይጠይቁ። እነዚህን ቁጥሮች ይዘው የግንድ ሥራ ወደሚያውቅ መሐንዲስ ይሂዱ። ለእርሱ የሚከፍሉት ከወጪው ሁሉ በላይ የሚያስፈልግ ስለሆነ ከሌላው ቀንሰውም ቢሆን ይክፈሉ። የኤሌክትሪክ መስመሩን ለራስዎ መኖሪያ እስከሆነ ድረስ የስቴቱን ፈቃድ አውጥተውና አስመርምረው ራስዎ መዘርጋት ይችላሉ።

የግንባታ ደንቡ በብስባሴ መከላከያ መድኃኒት ያልታከመ እንጨት ከአፈር ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ያዝዛል። እኔ ግን 45 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ እንዲያደርጉት እመክራለሁ፤ ከጣራ የሚወርድ ውኃ መሬት ነጥሮ የመጀመሪያውን ረድፍ ሲያረጥበው ስለሚኖር፣ በግንድ ቤት መጀመሪያ የሚበሰብሰው እርሱ ነው። የጣራውንም ክፈፍ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ያሳልፉት። ስለ ሙቀት ደግሞ፣ ወፍራም ግንድ ብቻውን ቤት ያሞቃል የሚለውን አይመኑ። 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ እንጨት ሙቀት የመያዝ አቅሙ አር-ቫልዩ በሚባለው የአሜሪካ መለኪያ ወደ 15 ገደማ ነው፤ ይህም በደንብ ከተሞላ ተራ የጣውላ ግድግዳ ያንሳል። ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው በግንዶቹ መካከል ባለ ቀዳዳና በጣራው ስለሆነ ገንዘብዎን እዚያ ላይ ያውሉት።

እሳትን ሳላነሣ ብቀር እጸጸታለሁ። እርስዎ በገዙበት ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ካርልተን ኮምፕሌክስ የተባለው ሰደድ እሳት 250,000 ኤከር የሚበልጥ መሬት ሲያወድም በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶችንም በልቷል። ወፍራም ግንድ ላዩ ከስሎ ውስጡን ስለሚጠብቅ ቶሎ አይያዝም፤ ቤቱን የሚያቃጥለው በነፋስ የሚመጣው ፍም ነው፤ በጣራ ሥር፣ በበረንዳ ጣውላ መካከል፣ በግድግዳ ጥግ በተከማቸ ቅጠል ይገባል። ጣራው ብረት ይሁን፤ በቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ከ50 ያህል ጠጠር እንጂ የሚነድ ነገር አይኑር፤ እስከ 9 ሜትር ድረስ ያለውን ዛፍ አሳሱ፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ መልምሉ። ለቤቱ የሚቆርጧቸውን ዛፎች መጀመሪያ ከዚሁ ዙሪያ ቢመርጡ ሁለቱን ሥራ ባንድ ያደርጉታል። የኢንሹራንስ ኩባንያዎችንም አሁኑኑ ያነጋግሩ፤ ባለቤቱ ራሱ ለሚሠራው የግንድ ቤት ብድር የሚሰጥ ባንክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ነዋሪነቱ ቨርጂንያ መለሰ፦

እኔ በፋብሪካ ተልጎ፣ ደርቆና ቁጥር ተሰጥቶት የሚመጣውን ገዝቼ ነው የሠራሁት። ግድግዳው በሦስት ሳምንት ቆመ፤ መውረዱም ወንድማችን ከጠቀሱት በእጅጉ ያነሰ ነው። ጊዜዎ አጭር ከሆነ እንዲያስቡበት እላለሁ። ነገር ግን የሚነገረው ዋጋ የግንዱ ብቻ እንደሆነ ይወቁ፤ መሠረቱ፣ ጣራው፣ መስኮቱ፣ ቧንቧውና መብራቱ ሲጨመሩ የግንዱ ወጪ ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ሆኖ ነው ያገኘሁት። በራስዎ ዛፍ ሲሠሩ የሚያተርፉትም ከዚያው ትንሽ ክፍል ላይ መሆኑን ከግምት ያስገቡ።

እኅት ከዳላርና መለሰች፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስዊድን፣ ዳላርና በምትባለው አውራጃ ነው፤ እዚህ በየመንደሩ ለመቶ ዓመታት የቆዩ የግንድ ጎተራዎችና ቤቶች አሉ። ይህ አሠራር ወደ እናንተ አሜሪካ የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1638 ጀምሮ ደላዌር ወንዝ ዳር ከሰፈሩት ስዊድናውያንና ፊንላንዳውያን ጋር ነው ይባላል። ባለቤቴና እኔ ሁለት ክረምት የግንድ ሥራ ኮርስ ወስደናል፤ ከዚያ ካገኘነው አንድ ነገር ልጨምር።

የላይኛው ግንድ በታችኛው ላይ የሚገጥመው እንዲሁ ተደርቦ አይደለም። ሁለት ሹል ጫፍ ባለው የብረት መጫሪያ የታችኛው ግንድ ጉብታና ስርጉዱ እንዳለ በላይኛው ላይ ይነደፋል፤ ከዚያ የላይኛው በሆዱ በኩል ቦይ ሆኖ ይቦረቦራል፤ በቦዩ ውስጥ እዚህ የደረቀ የጫካ ሽበት ወይም የተልባ እግር ጭረት ይጠቀጠቃል። ይህ ከአባትህ ምርጊት ጋር አንድ ዓላማ ያለው ሥራ ነው፤ ነፋስ መከልከል። ልዩነቱ ምርጊት የእንጨቱን ጉድለት ሲሸፍን፣ ይህኛው ጉድለቱን አለመሸፈኑ ነው፤ ነዳፊው እጅ ትንሽ ካዘነበለ ስሕተቱ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተላለፈ ስድስተኛው ላይ ማዕዘኑ ከቱንቢ ይወጣል። ውኃ ልክና ቱንቢ በየረድፉ ይያዝ። የግንዱን ወፍራም ጫፍና ቀጭን ጫፍም በየረድፉ አቀያይሩ፤ አለበለዚያ ግድግዳው በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ያድጋል።

የእኔ ምክር መጀመሪያ ትንሽ የዕቃ ቤት፣ 2 ሜትር ከ50 በ3 ሜትር የሆነች፣ እንድትሠሩ ነው። ቀጫጭኑን ግንድ፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ዛፍ ስታሳሱ የምታገኙትን፣ ለእርሷ ተጠቀሙበት። እኛ በኮርሱ የሠራናት እንዲህ ያለች ነበረች፤ የመጀመሪያዎቹን ስምንት የማዕዘን መገጣጠሚያዎች ዛሬ ሳያቸው አፍራለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ግን ወረቀት አያስገቡም። ያ ሁሉ ስሕተት በመኖሪያ ቤታችን ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እላለሁ። ዕቃ ቤቷ ለመሣሪያ ማስቀመጫ ትሆናችኋለች፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ቤት ብዙ ጊዜ የግንባታ ፈቃድ እንደማትጠይቅ ሰምቻለሁ፤ ይህን ከካውንቲው አረጋግጡ። የሞተር መጋዝ ሥልጠናም ሁለታችሁም ውሰዱ፤ የእግር መከላከያ ሱሪና የራስ ቁር ሳትለብሱ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ እንዳትቆርጡ። ብቻህን በምትሆንበት ቀን ደግሞ ቅርፊት ላጥ እንጂ ዛፍ አትጣል።

የጎጃም ልጅ መለሰ፦

የኮሎራዶው ጋሼ፣ መሐንዲሱ ወንድሜ፣ ነዋሪነትዎ ቨርጂንያ የሆነው ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለወንድሜ አነበብሁለት፤ ሁለታችንም ሚያዝያን ትተነዋል። ትናንት የዕረፍት ቀኔ ስለነበር ካውንቲው ቢሮ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ስለ ውኃው የጽሑፍ ጥያቄ አስገብቻለሁ፣ ለአፈር ምርመራውም ተመዝግቤአለሁ። እነዚህ ሁለቱ መልስ ካገኙ በዚህ ጸደይና በመጪዎቹ ወራት መንገዱን እናወጣለን፣ የቤቱን ዙሪያ እናሳሳለን፣ ከቀጫጭኑ ግንድ እኅቴ ያለችውን ዕቃ ቤት እንሠራለን፤ ለዋናው ቤት የሚሆነውን ዳግላስ ፈር በታኅሣሥና በጥር እንቆርጣለን። ግድግዳው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። የፋብሪካውንም አስበንበታል፤ ይሁን እንጂ አባቴ ሲያስተምረኝ የነበረውን በራሴ መሬት በበቀለ እንጨት ልፈጽመው እፈልጋለሁ።

ጋሼን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ከጥር እስከ ቀጣዩ ዓመት ድረስ ግንዱ እንዴት ተከምሮ ይቆይ? ቅርፊቱስ ወዲያውኑ ይላጥ ወይስ እስኪለቅ ልጠብቅ?

የኮሎራዶው መለሰ፦

ወዲያውኑ ላጠው። በብርድ የተቆረጠ ቅርፊት አይለቅም፤ በሁለት እጅ በሚያዝ መላጫ ቢላዋ መፋቅ ይኖርብሃል፤ በቀን ሦስት አራት ግንድ ከላጥህ ጥሩ ሠርተሃል። እስከ ጸደይ ብታቆየው ጥንዚዛው ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ይፈለፍልበታል። ከዚያ የሁለቱንም ጫፍ ቁራጭ በወፍራም ቀለም ወይም በሰም ቀባው፤ እርጥበቱ በጫፉ በኩል ፈጥኖ እየወጣ እንዳይሰነጥቀው ነው። ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ባሉ አግዳሚዎች ላይ ደርድር፤ በየረድፉ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ቀጭን እንጨት አስገባ፤ ከላይ በቆርቆሮ ክደነው እንጂ በላስቲክ አትጠቅልለው። የቦራክስ ጨው በውኃ በጥብጠህ ርጨው፤ ብስባሴንም ነፍሳትንም ይከላከላል፤ ዝናብ ግን ስለሚያጥበው ከክዳኑ ሥር መሆኑን አረጋግጥ። በየግንዱ ጫፍ ላይ ርዝመቱንና የሁለቱን ጫፍ ውፍረት በኖራ ጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት የትኛው ከየትኛው ላይ እንደሚሄድ ስትመርጥ ክምሩን ሁሉ ማገላበጥ አይኖርብህም። ሥራውን የምትጀምርበት ሳምንት ሲደርስ እዚሁ ጻፍልኝ፤ የክሪኮቹን ልክና መቃኑ የሚንሸራተትበትን ቦይ ንድፍ ከእኔ ቤት ለክቼ እልክልሃለሁ።